በችግኝ ሪፖርት የማይገባው ትንሹ ግራር
ኮረብታውን ይዞ ያቆየው ቁጥቋጦ ለጉድጓድ ቁፋሮ ሲባል እየተመነጠረ ነው

ደሴ (ከግብርና ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን)፦ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደሴ የሚወጣ መንገደኛ፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች ጉዞ ውስጥ የወይና ደጋንና የደጋን ዕፅዋት ተራ በተራ ያያል። ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በኮምቦልቻ ዙሪያ፣ በቃሉ ወረዳ ድንጋያማ ተዳፋቶች ላይ፣ ከሰው ወገብ እስከ ሁለት ሰው ቁመት የሚደርስ፣ የተጣመመና እሾሃም ግራር ይገኛል። መንገዱ ከፍ እያለ ሲሄድ ግራሩ እየሳሳ ክትክታው፣ ደደሆውና ቃሞው ይበዛል። 2500 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ደሴ ሲቃረብ ደግሞ ትንሹ ግራር ጨርሶ ጠፍቶ ቦታውን ለባሕር ዛፍና ለጽድ ይለቃል።

ስለዚህ ቁጥቋጦ መጻፍ ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ለየቀበሌው የችግኝ ተከላ ዕቅድ ይወርዳል። የሪፖርቱ ቅጽ የሚጠይቀው ስንት ጉድጓድ እንደተቆፈረ፣ ስንት ችግኝ እንደተተከለና ስንት ሰው እንደወጣ ነው። በዚያው ኮረብታ ላይ ማንም ሳይተክለው፣ ማንም ውኃ ሳያጠጣው፣ ራሱ በቅሎ ያደገው ግራር ስንት እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ዓምድ የለውም። በመሆኑም ጉድጓዱን በመስመር ለመደርደር ሲባል ቁጥቋጦው ይመነጠራል፤ የተመነጠረውም ለአጥርና ለማገዶ ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት የበጋ ወራት በዚያው ቦታ የደረቀ ችግኝና ባዶ ጉድጓድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ግራሩ ግን የለም።

ይህ ጸሐፊም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለም። በሥራው መጀመሪያ ዓመት በአንድ ኮረብታ ላይ ገበሬዎችን አስተባብሮ ቁጥቋጦ ካስመነጠረ በኋላ ባሕር ዛፍ አስተክሏል። ከኮሌጅ ዲፕሎማውን ይዞ ሲወጣ የችግኝ ጣቢያ ሥራ ያውቅ ነበር፤ ራሱ የበቀለን ቁጥቋጦ እንደ ሀብት መቁጠርን ግን አላወቀም ነበር። በዚያ ኮረብታ ላይ ዛሬ የቀረው ጥቂት ባሕር ዛፍና ብዙ ድንጋይ ነው።

የቁጥቋጦው ማንነት

ገበሬው በጥቅሉ ግራር ይለዋል። በትግራይ ያሉ ወገኖቻችን ሰራው ይሉታል። የዕፅዋት ሳይንስ ሰዎች ቫቼሊያ ኤትባይካ ብለው መዝግበውታል። ኤትባይ ማለት በዓባይና በቀይ ባሕር መካከል፣ በሱዳንና በግብጽ ጠረፍ ያለው ደረቅ ተራራማ አገር ሲሆን፣ ስሙን በ19ኛው መቶ ዘመን ያወጣለት ጆርጅ ሽቫይንፉርት የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ቁጥቋጦው ግን የዚያ አገር ብቻ አይደለም። ከቀይ ባሕር ዳር ተራሮች ጀምሮ በኢትዮጵያ ምሥራቃዊ ገደል አፋፎች ወርዶ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ አገሮች ድረስ የሚገኝ የአገር ተወላጅ ነው።

ከሌሎቹ ግራሮች ለመለየት እሾሁን ማየት ይጠቅማል። እሾሁ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚወጣ ሲሆን፣ በአንዱ ተክል ላይ ሁለት ዓይነት ሊገኝ ይችላል፤ አንዱ አጭርና እንደ መንጠቆ የታጠፈ፣ ሌላው ነጭና ቀጥ ብሎ የረዘመ። ልብስ ይዞ የሚያስቀረው አጭሩ ነው። ቅጠሉ እጅግ ደቃቅ ሆኖ በእንጨቷ ግራና ቀኝ የተደረደረ ነው። አበባው ነጣ ያለ ትንሽ ድቡልቡል ኳስ ይመስላል፤ ንቦችም ይወዱታል። ፍሬው ቀላ ያለ ቡናማ፣ ቀጥ ያለና ጠፍጣፋ ቆባ ሲሆን፣ ሲደርቅ በዛፉ ላይ እንዳለ ተሰንጥቆ ዘሩን ያፈሳል።

በቦርከና ሸለቆ ጥቁር አፈር ላይ የሚቆመው ነጭ ግራር ወይም ዋጮ ሌላ ነው። ከፍ ባለው አገር እንደ ጃንጥላ ሰፍቶ የሚታየው ባዝራ ግራርም ሌላ ነው። በየአጥሩ የሚታየው ቆንጥርም ከዘመዱ ርቆ የሚቆጠር ነው። ይህን መለየት የሚያስፈልገው ለስም ብቻ አይደለም። ነጭ ግራር ጥልቅ አፈር ይፈልጋል፤ ባዝራ ግራር ከፍታና የተሻለ ዝናብ ይፈልጋል፤ ትንሹ ግራር ግን አፈሩ ታጥቦ ቋጥኙ ብቻ በቀረበት ቦታ ላይ ይኖራል። ከሁሉም አስቸጋሪ የሆነውን መሬት የያዘው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር እናንሳ። አካሺያ የሚለው የሳይንስ ስም ጥንት የወጣው ለአፍሪካ እሾሃም ግራር ነበር፤ በግሪክ ቋንቋ መነሻውም ሹልነትን ወይም እሾህን የሚያመለክት ቃል ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2005 በቪየና በተደረገው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤ አካሺያ የሚለው ስም እሾህ ለሌላቸው፣ ዝርያቸውም ከአንድ ሺህ ለሚደርሰው ለአውስትራሊያ ተክሎች እንዲሰጥ ተወሰነ። የአፍሪካ የዕፅዋት ባለሙያዎች ብዙ ቢከራከሩም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በሜልበርን በተደረገው ጉባኤ ውሳኔው ጸና። የእኛ ግራሮችም ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ በሚባሉ ሁለት ወገኖች ተከፋፈሉ። ገበሬው ግራር ማለቱን ስላልተወ ጉዳዩ ለእርሱ ያን ያህል ላይሆን ይችላል። ሆኖም የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ አካሺያ የሚል ጽሑፍ ያለበት የዘር ከረጢት ሲደርሰው፣ ዘሩ የአገር ግራር ነው ወይስ የአውስትራሊያ የሚለውን ጠይቆ መረዳት አለበት።

በድንጋይ ላይ እንዴት ይኖራል

እንደሚታወቀው ግራር እንደ ባቄላና እንደ ሽንብራ የአተር ወገን ነው። በሥሩ ላይ በሚፈጠሩ ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ይሰጣሉ። የወጣቱን ተክል ሥር በጥንቃቄ ቆፍሮ እብጠቷን በጥፍር ሲሰነጥቋት ውስጧ ቀላ ያለ ሆኖ ከተገኘ ሥራ ላይ ናት ማለት ነው። ይህ ዩሪያ ያልደረሰው ኮረብታ ላይ ቀላል ነገር አይደለም። ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ከሥሩ ያለው አፈር ከአጠገቡ ካለው ባዶ መሬት ይልቅ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል። ጎርፍ ይዞት የሚወርደው ደለልም ከግንዱ ሥር ይጠራቀማል። ያንን ያየ ሰው ቁጥቋጦው ራሱ ትንሽ እርከን እንደሆነ ይረዳል።

ሥሩ በቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ፣ በልግ ቀርቶ ክረምትም በዘገየበት ዓመት አይሞትም። ቢቆረጥም ከጉቶው ደጋግሞ ያቆጠቁጣል። በኮምቦልቻ ዙሪያ አጭር ቁጥቋጦ ሆኖ የምናየው አብዛኛው ግራር ተፈጥሮው አጭር ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ተቆርጦ ያቆጠቆጠ፣ ፍየል የቀረጠፈው፣ ደግሞም የተቆረጠ ስለሆነ ነው። ባይነካ ከስምንት እስከ አሥር ሜትር የሚደርስ ዛፍ መሆን ይችላል። አሮጌ ጉቶ በትንሽ ቁጥቋጦ ሥር ተቀብሮ ማግኘት የተለመደ ሲሆን፣ የጉቶው ውፍረት የኮረብታው የቀድሞ መልክ ምን እንደነበረ ይናገራል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገን ግን የሞግዚትነቱ ጉዳይ ነው። በትግራይ በተከለሉ ቦታዎች የተካሄዱ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር የተተከለ የወይራ ችግኝ ባዶ መሬት ላይ ከተተከለው ይበልጥ ተርፎ ተገኝቷል፤ በተለይ ደደሆ ሥር የነበረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥላው የበጋውን ፀሐይ ይከላከላል፤ ቅርንጫፉ ከብትን ያግዳል፤ አፈሩም እርጥበት ይይዛል። ታዲያ ችግኝ ለመትከል ብሎ ቁጥቋጦ መመንጠር ልጁን ለማሳደግ ብሎ ሞግዚቷን ማባረር ነው።

ኮረብታው ምን ሲያይ ኖረ

የደቡብ ወሎ ኮረብታ ታሪክ ያለው ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅና ረሃብ በወሎ ሕዝብ ላይ ያደረሰውን ጉዳት እዚህ መድገም አያስፈልግም። ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ የተቋቋሙት ገበሬ ማኅበራት፣ በተለይም በ1970ዎቹ፣ በዓለም የምግብ ፕሮግራም እህል እየታገዙ ኮረብታ ከልለዋል፣ እርከን ሠርተዋል፣ ችግኝ ተክለዋል። ከደሴ በስተደቡብ በማይባር ሐይቅ አጠገብም እ.ኤ.አ. በ1981 ከስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ የጎርፍና የአፈር መታጠብ ልክ መለካት ተጀምሯል።

በዚያ ዘመን የተሠራው ሥራ ሰፊ ቢሆንም ጉድለት ነበረበት። የተከለለው ኮረብታ የማን እንደሆነ ገበሬው በግልጽ አልተነገረውም። ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ እንጨቱን ማን እንደሚቆርጥ፣ ገቢውስ ለማን እንደሚሆን አልተወሰነም። ከብቱን የተከለከለው የኮረብታው ሥር ነዋሪ ሲሆን፣ ሥራውን የሚያዘው ደግሞ ከላይ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ በብዙ ቦታ የተከለለው ኮረብታ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመንጥሮ ቀረ። ይህን ያዩ የቀድሞ የገበሬ ማኅበር ሊቃነ መናብርት በየቀበሌው ዛሬም አሉ። የሚጠየቅ ነገር ካለ እነርሱን መጠየቅ ከማንኛውም መመሪያ ይበልጥ ያስተምራል።

ስለ ቃሉ የምናውቀው በወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 እና በ1986 ከአየር የተነሱ ፎቶግራፎችን በማነጻጸር በዶክተር ከብሮም ተክሌ የተመራ ጥናት፣ በእነዚያ 28 ዓመታት ውስጥ የቁጥቋጦው መሬት፣ የወንዝ ዳር ዛፍና ደኑ እንደቀነሰ፣ ባዶ መሬትና ሰፈር ደግሞ እንደጨመረ አመልክቷል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ነገር አለ። ስለ ደን መጥፋት ሲነገር ሁሉም የሚያስበው ጽድንና ወይራን ነው። በኮምቦልቻ አቅራቢያ ያለው የየጎፍ ደን ሲነካ ጩኸት ይሰማል። የቁጥቋጦው መሬት ሲጠፋ ግን ማንም አይጮህም፤ እንዲያውም መሬት ጸዳ ይባላል።

እኒሁ ተመራማሪ በዚሁ አካባቢ በተራቆቱ ተዳፋቶች አፈር ውስጥ ተቀብሮ ያለውን ዘርም መርምረው ነበር። በአፈሩ ውስጥ የተገኘው በአብዛኛው የሣርና የአረም ዘር ሲሆን፣ የዛፍና የቁጥቋጦ ዘር ግን አነስተኛ ነበር። ትርጉሙ ለእኛ ትልቅ ነው። ቁጥቋጦው ከነጉቶው ከተነቀለ በኋላ ቦታውን ብንከልል ብቻውን ቶሎ ተመልሶ አይመጣም ማለት ነው። ጉቶው ያለበትን ኮረብታና ጉቶው የተነቀለበትን ኮረብታ በአንድ ዓይን ማየት ስሕተት ነው። የመጀመሪያው በመከለል ብቻ ይድናል፤ ሁለተኛው ዘርና ድካም ይፈልጋል።

ከሰሉ ወዴት ይሄዳል

ይህ በእንዲህ እንዳለ የከተማው ፍላጎት ጨምሯል። ኮምቦልቻ ከቀድሞ ጀምሮ የፋብሪካ ከተማ ስትሆን፣ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። ደሴም የንግድና የአስተዳደር ማዕከል ናት። የሠራተኛው ቡናና ወጥ የሚበስለው በአብዛኛው በከሰል ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ መብራት በተቋረጠባቸው ሳምንታት ደግሞ ከተሜው ከእንጨትና ከከሰል በቀር መጠጊያ አልነበረውም።

የግራር ከሰል ጠንካራና እሳቱ የሚቆይ በመሆኑ ገዢ ይወደዋል። ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። በአፈር ተሸፍኖ በሚቃጠለው በተለመደው የከሰል አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። ትንሹ ግራር ደግሞ አስተዳደጉ ዝግ ያለ ነው። በተራቆተ ኮረብታ ላይ አንድ ጆንያ የሚሞላው ከሰል የብዙ ቁጥቋጦ የብዙ ዓመት ዕድገት ነው። የዚያ ጆንያ ዋጋ ለሻጩ የሁለት ሦስት ቀን ጨው፣ ዘይትና በርበሬ ነው። ከሳዩን ብቻ መኮነን ቀላል ነው፤ እርሱ ግን ብዙውን ጊዜ መሬት ያልደረሰው ወጣት ወይም ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ቀበሌው ለእነዚህ ሰዎች ሌላ መግቢያ ካላበጀ በዘበኛ ብቻ ኮረብታ አይጠበቅም።

የባሕር ማዶ ዘመዱ

ብዙ ቀበሌ ለግራሩ ምትክ አድርጎ የሚያቀርበው የውጭ ዝርያ ነው። በትግራይና በወሎ በብዛት ከተተከሉት አንዱ አካሺያ ሳሊግና የተባለው የአውስትራሊያ ቁጥቋጦ ነው። እሾህ የለውም፤ ቅጠል የሚመስለውም ነገር በእርግጥ የሰፋ የቅጠል አገዳ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ለማገዶና በመጠኑም ለመኖ ያገለግላል። ይህን ማንም አይክድም።

የሌላው የአውስትራሊያ ዘመድ፣ የአካሺያ ዲከረንስ ታሪክ ግን የበለጠ ያስተምራል። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬዎች አፈሩ ኮምጣጣ ሆኖ እህል አልሰጥ ባላቸው መሬት ላይ ዲከረንስን ከሰብል ጋር ተክለው፣ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ቆርጠው ከሰል እያከሰሉ ጥሩ ገቢ አግኝተዋል። የአካባቢው ኑሮ ተለውጧል፤ መሬቱም በዛፍ ተሸፍኗል። ለብዙ ወረዳዎች ምሳሌ ሆኖ ሲነገር የቆየ ሥራ ነው። ሆኖም ባለፉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ ገብቶ ተክሉን ክፉኛ ጎድቶታል። ይኸው በሽታ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ የዚያኑ ወገን ተክል ሲያጠቃ የታየ ነው። ሁሉም በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ስለተደገፈ ጉዳቱ ለሁሉም ደረሰ።

ከዚህ ተነስቶ የውጭ ዛፍ ሁሉ ይነቀል ማለት አይገባም። ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ የደሴና የኮምቦልቻ ቤት በምን ይሠራ ነበር? በጓሮና በመንገድ ዳር ባሕር ዛፉም ሳሊግናውም ይተከል። ነገር ግን በቋጥኝ ላይ ያለውን የአገር ግራር ነቅሎ በምትኩ መትከል ኪሳራ ነው። ከእኛ በስተምሥራቅ በአፋር ምድር በአንድ ወቅት ለበጎ ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ የግጦሽ መሬቱን እንዴት እንደወረረው ወደ ባቲ ገበያ የሚወርዱ ገበሬዎች ከአፋር ወንድሞቻቸው ሰምተዋል።

የገበሬዎች ቅሬታ

በአንጻሩ ገበሬዎች ስለ ግራሩ የሚያነሱት ቅሬታ አለ። ሲጠቀጥቅ ሣር አያበቅልም፣ ከብት ያቆስላል፣ እግር ይወጋል፣ ለጅብ መደበቂያ ይሆናል ይላሉ። እውነት አላቸው። በተከለለ ቦታ ከዓመታት በኋላ ግራሩ ሲበዛ ሣሩ መቀነሱ በደቡብ ኢትዮጵያ የግጦሽ መሬቶችም የታወቀ ችግር ነው። ስለዚህ ግራሩ አይነካ የሚለው የአንዳንድ ባለሙያዎች ምክር ከምንጣሮው ያልተናነሰ ስሕተት ነው። አንድን ነገር አይነካ ሲባል በቀን ይከበራል፣ በሌሊት ይቆረጣል።

መድኃኒቱ ማሳሳት ነው። ከአንድ ጉቶ ስድስትና ሰባት ሆኖ ካቆጠቆጠው ውስጥ ቀጥ ያሉትን አንድ ወይም ሁለት ትቶ የቀረውን መቁረጥ፣ የቀረውንም የታችኛውን ቅርንጫፍ መመልመል ይበቃል። የተቆረጠው እሾህ ለማሳ አጥር፣ እንጨቱ ለማገዶ፣ ቅጠሉ ለፍየል ይሆናል። የተረፈው ግንድ ጉልበቱን ስለማይከፋፍል ወደ ዛፍነት ያመራል፤ ከሥሩም ብርሃን ስለሚገባ ሣር ይበቅላል። ይህ ሥራ የእጅ መጥረቢያና ማጭድ እንጂ የመንግሥት በጀት አይጠይቅም። ሥራውን ማን እንደሚሠራና ምርቱን ማን እንደሚወስድ ግን አስቀድሞ በጉባኤ መወሰን አለበት። መሬት የሌላቸውን ወጣቶች በማሳሳቱና በንብ ማነቡ ማሳተፍ የተሻለው መንገድ ይመስለናል። ግራር ባለበት ኮረብታ ቀፎ መስቀል ኮረብታውን የሚጠብቅ ሰው መቅጠር ነው፤ ለዚያውም ያለ ደመወዝ።

የባለቤትነቱ ጥያቄ ዛሬ ከ1970ዎቹ የተለየ መሠረት አለው። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥት ደን ሌላ የግል፣ የማኅበረሰብና የማኅበራት ደን እንደሚኖር አውቋል። አዋጁ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን ግን ኮረብታ አይከልልም። የቀበሌው ሕዝብ የኮረብታውን ወሰን በምልክት ለይቶ፣ መተዳደሪያውን ጽፎና አስመዝግቦ ካልያዘ በቀር፣ ነገ ሌላ ጥያቄ ሲነሳ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም። ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ዋጋው የሚታወቀው ክርክር ሲመጣ ነው።

ከጉድጓዱ በፊት መቁጠር

ከዚህ በላይ ከተባለው ውስጥ ለዚህ ክረምት የሚደርሰው አንድ ሥራ ነው፤ እርሱም መቁጠር። የጉድጓድ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የቀበሌው መሪ፣ የልማት ሠራተኛውና ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ኮረብታውን ይውጡ። በገመድ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነ ቦታ ይለኩና በውስጡ ያለውን የግራር፣ የወይራ፣ የደደሆና የክትክታ ቁጥር ይቁጠሩ፤ አቆጥቁጦ ያለ ጉቶም ይቆጠር። በኮረብታው ግርጌ፣ ወገብና አናት ላይ እንዲህ በአራት ወይም በአምስት ቦታ ካደረጉ በኋላ አማካዩን በመቶ ሲያባዙት የአንድ ሄክታር ቁጥር ይገኛል። በአንዱ ቦታ 6 ቢገኝ በሄክታር 600 ማለት ነው።

ችግኝ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ሲተከል በሄክታር 2500 ጉድጓድ ይሆናል። 600 ራሳቸው የቆሙ ተክሎች ካሉ፣ ጉድጓዱ እነርሱን ጠብቆ በመካከላቸው ባለው ባዶ ቦታ ብቻ እንዲቆፈር፣ የወይራና የጽድ ችግኝ ደግሞ ከቁጥቋጦው ጥላ ሥር፣ ጠዋት ፀሐይ በሚያገኝበት በኩል እንዲተከል ማድረግ ይቻላል። ቅጹ ዓምድ ባይኖረውም በሪፖርቱ ግርጌ በእስክርቢቶ ይጻፍ፤ ራሱ የበቀለ ግራር በሄክታር ይህን ያህል፣ የተጠበቀ፣ ተብሎ። ለወረዳው ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያው ቀበሌ እንዲህ ጽፎ ሲያቀርብ ምናልባት ይደነቅ ይሆናል፤ አሥረኛው ሲያቀርብ ግን ቅጹን ማስተካከል ግድ ይሆንበታል።

ጉቶ ለሌለው ኮረብታ ደግሞ ዘር መሰብሰብ ያስፈልጋል። ቆባው ቀልቶ ሊሰነጠቅ ሲል፣ ዘሩ ሳይፈስ፣ በዛፉ ላይ እንዳለ ይለቀም። በቆባው ላይ ክብ ቀዳዳ ከታየ ነቀዝ ገብቶበታል ማለት ስለሆነ ይጣል። የተፈለፈለውን ዘር ውኃ ውስጥ ነክሮ የተንሳፈፈውን መጣል፣ የሰመጠውን መያዝ ነው። የዘሩ ልብስ ጠንካራ ስለሆነ እንዲሁ ቢዘራ ለብዙ ጊዜ ሳይበቅል ይቆያል። በመሆኑም ውኃ አፍልቶ ከእሳት ካወረዱ በኋላ ዘሩን ጨምሮ እዚያው እየቀዘቀዘ እንዲያድር ማድረግ ይበቃል። በማግሥቱ ያበጠው ይዘራል፤ ያላበጠው ተመልሶ ይነከራል። በኮረብታው ላይ በቀጥታ የሚዘራ ከሆነ ከድንጋይ ሥር፣ የእርከኑ ደለል በተጠራቀመበት በኩል፣ ክረምቱ ከተረጋገጠ በኋላ ቢዘራ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ፍየል እንዳይደርስ የሚጠብቀው ማን እንደሆነም ዘሩ ከመነከሩ በፊት በስም ይታወቅ።